ጋቢና ውስጥ የተረሳው ስዊድናዊ

ከጎንደር ደባርቅ ሲኬድ ጋቢና የደረሰው ሰው እንደ ዕድለኛ ይቆጠራል። እግሩን ይዘረጋል፤ ከሹፌሩ ጋር ይጫወታል፤ የአምባ ጊዮርጊስን ብርድ በመስታወት ያየዋል እንጂ በጉልበቱ አያየውም። ከቀኝ ትከሻው በላይ ግን አቧራ የጠጣ ግራጫ ጥብጣብ ተንጠልጥሎ ይጠብቀዋል። አንዱ ኮቱን ይሰቅልበታል፤ ሌላው እንቅልፍ ሲጥለው ክንዱን ያስደግፍበታል። ትራፊክ ከሩቅ ብቅ ሲል ሹፌሩ "ቀበቶ! ቀበቶ!" ይላል። ተሳፋሪው ጥብጣቡን ስቦ ደረቱ ላይ ያጋድመዋል፤ ጫፉን በእጁ ጨብጦ ፊቱን የዋህ ያስመስላል። ትራፊኩ ሲታለፍ ይለቀዋል።

እኔ ይህን ጥብጣብ እወደዋለሁ። ከስዊድን ወደ አገራችን ከመጣው ሁሉ እንደሱ በየመኪናው የገባ፣ እንደሱም የተናቀ የለም ባይ ነኝ። ሌሎቹን ስዊድናውያን አልረሳንም። ከጠላት ወረራ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ያደራጁት፣ ኋላም በ1977 እ.ኤ.አ. ጎዴ ላይ የተገደሉት ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ቢሾፍቱ ላይ ስማቸው ይነሣል። ፋፋ ያላበላች እናት ብትኖር ስለ ፋፋ ያልሰማች ግን አትኖርም፤ እሱም ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ካቋቋሙት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል የወጣ ነው። ጋቢና ውስጥ የተንጠለጠለው ቀበቶ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

ኒልስ ቦሊን የሚባል መሐንዲስ ሥራ ነው። ሰውዬው በ1920 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ ለዓመታት በሳብ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራ። የእኛ አየር ኃይል ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳብ 17 የተባሉትን አውሮፕላኖች የገዛው ከዚሁ ፋብሪካ ነው። የቦሊን ሥራ አውሮፕላን ሲመታ አብራሪውን ከነመቀመጫው ወደ ሰማይ የሚያስፈነጥር ወንበር መንደፍ ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. ቮልቮ ቀጠረው። ሰውን ከወንበር ሲያስፈነጥር የኖረ ሰው፣ ሰውን ወንበር ላይ አስሮ ማስቀመጥ ሥራው ሆነ። በዓመቱ፣ ነሐሴ አጋማሽ 1959 እ.ኤ.አ.፣ ሦስት ቦታ የሚያርፈው ቀበቶ የተገጠመለት የመጀመሪያው ቮልቮ ክሪሻንስታድ ከተማ ላይ ለገዢው ተሰጠ። አሜሪካ የፈጠራ መብቱን በ1962 መዘገበች። ቮልቮ ግን መብቱን ይዞ ሌላውን ማስከፈል ሲችል፣ ማንም ፋብሪካ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ጃፓን የተሠራው ሚኒባሳችን ውስጥ የስዊድን ሐሳብ የተገኘው ለዚህ ነው።

ቅሬታዬ ከስሙ ይጀምራል። ቀበቶ አልነው። ቀበቶ ሱሪ እንዳይወርድ ሆድ ላይ የሚጠብቅ ነገር ነው። ስሙን ያመነ ሰው ታችኛውን ጥብጣብ እንደ መቀነት እምብርቱ ላይ ያሳርፈዋል፤ ላይኛውን ደግሞ "አንገቴን ከረከረኝ" ብሎ በብብቱ ሥር ያሳልፈዋል። ዝናር ብንለው ይሻል ነበር። የጃናሞራ ወይም የዳባት ገበሬ ዝናሩን ሲታጠቅ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጥይት የሞላው ዝናር ከባድ ነው፤ ሆድ ላይ ከተሸበበ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ይነሣል። ስለዚህ ባለቤቱ ዝቅ አድርጎ የዳሌው አጥንት ላይ ያስቀምጠዋል፤ በትከሻ የሚወርድ ካለውም በደረቱ አጋድሞ ያወርደዋል። ሸክም አጥንት ላይ ነው የሚያርፈው፤ አንጀት ሸክም አይችልም።

የቦሊን ጥበብም ይኸው ነው። ከእሱ በፊት ቀበቶ አልነበረም ማለት አይደለም። ቫተንፋል የተባለው የስዊድን መንግሥት የመብራት ድርጅት ሠራተኞቹ በመኪና አደጋ እያለቁ ሲያስቸግሩት፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የራሱን መሐንዲሶች ቀበቶ ማስጠናት ጀምሮ ነበር። በጊዜው በብዛት የነበረው ግን ወይ ጭን ላይ ብቻ የሚታሰር፣ መቆለፊያውም ሆድ ላይ የሚውል ነው፤ ወይ ደረት ላይ ብቻ የሚጋደም፣ ሰው ከሥሩ ሾልኮ የሚወጣበት ነው። ቦሊን ሁለቱን አንድ ጥብጣብ አደረጋቸው። የሚገናኙበትንም ቦታ ከሆድ አንሥቶ ከዳሌ ጎን፣ ወደ ወለሉ ዝቅ አደረገው። የታሰረ ሰው ከፊት ሲታይ ጥብጣቡ ባላ ይመስላል፤ የባላው እግር በዳሌው ጎን ወደ ወለል ይወርዳል፤ አንዱ ክንድ ወደ ትከሻ ይወጣል፣ ሌላው ጭንን ያቋርጣል። ደረትና ዳሌ፣ ሁለት ጠንካራ አጥንቶች፣ ሸክሙን ይካፈላሉ። በአንድ እጅ ደግሞ ይታሰራል፤ የሚያስቸግር ነገር ሰው እንደማያስር ቦሊን ያውቅ ነበር። በብብት ሥር ያሳለፈው ሰው እንግዲህ የባላውን አንድ ክንድ ሰብሮ ጥሎታል። ሹፌሮችም አሉ፤ መኪናው እንዳይጮህባቸው ቀበቶውን ከጀርባቸው አስረው ይቀመጡበታል። ቅጣቱን ይፈራሉ፣ ሞቱን ግን አይፈሩም።

"እጄን ዳሽቦርዱ ላይ ደግፌ እይዛለሁ" የሚል ጎበዝ መቼም አይጠፋም። የፋሲል ግንብ ቁመት ወደ 32 ሜትር ይጠጋል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከቋጥኝ ጋር የሚጋጭ ሰው ከዚያ ግንብ ጫፍ እንደወደቀ ነው፤ ስሌቱ ልክ እዚያው ያደርሳል። አርባ ኪሎ ሜትር፣ እኛ "ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው" የምንለው፣ ከስድስት ሜትር እንደ መውደቅ ነው። ከፎቅ ወድቆ በእጁ የሚቆም ሰው ካለ እሱ ቀበቶ አያስፈልገውም። ሕፃን ጭናቸው ላይ ለሚይዙ እናቶችም አንድ ቁጥር አለኝ። በሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ አሥር ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚያች ቅጽበት ሁለት ኩንታል ያህል ይከብዳል። ሁለት ኩንታል ጤፍ በክንዷ የምትይዝ እናት አላየሁም። ራሷንና ልጇን በአንድ ቀበቶ ማሰርማ የባሰ ነው፤ የእናትየው ክብደት በልጁ ላይ ያርፋል። አንቀልባ ለእግር መንገድ የተፈጠረ ግሩም ነገር ነው፤ ለመኪና አይሆንም። ለዚህም ቢሆን ስዊድኖች መላ አላቸው፤ በርቲል አልድማን የተባለ ሐኪም ጠፈርተኞች ሽቅብ ሲተኮሱ በጀርባቸው መጋደማቸውን አይቶ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር ሠራ።

በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያወራው ሌላም ወሬ አለ፤ ከደባርቅ ማዶ ባለው የሊማሊሞ ገደል ላይ ቀበቶ ያላሰረ ዘሎ ይወጣል፣ ያሰረ ከመኪናው ጋር ገደል ይገባል የሚል። ከተንከባለለ መኪና ተወርውሮ የወጣ ሰው የሚያርፈው ድንጋይ ላይ ነው፤ አንዳንዴም መኪናው ራሱ ይደርስበታል። ቦሊን ቀበቶው ከወጣ በኋላ 28,000 የሚሆኑ የቮልቮ አደጋዎችን መርምሮ ነበር። ያላሰሩት በየትኛውም ፍጥነት ሲሞቱ፣ ካሰሩት መካከል ከ96 ኪሎ ሜትር በታች የሞተ አንድም አላገኘም።

"ተበላሽቷል፣ አልሳብ አለኝ" የሚለው ክስም አለ። አልተበላሸም። በምሰሶው ውስጥ ጥብጣቡ የሚጠቀለልበት ቤት ውስጥ ትንሽ የብረት ኳስ በጎድጓዳ ሳህን ተቀምጣለች። መኪናው ባንዴ ሲቆም ወይም በጣም ሲያዘም ኳሷ ትንከባለላለች፤ ስትንከባለል ማገጃውን ወደ ጥቅልሉ ጥርስ ትገፋለች፤ ጥቅልሉ ይቆለፋል። ጥብጣቡ ራሱ በኃይል ሲመነጨቅም ይቆለፋል። እኛ ደግሞ እንደ ተናደደ በሬ ነው የምንመነጭቀው። ለቀቅ አድርጎ መልሶ፣ በዝግታ መሳብ ነው።

ዮተቦሪ ከተማ፣ ቮልቮ በሚሠራባት፣ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አምና መጥቶ አብረን ወጣን። የኋላ ወንበር ደረሰው። ቁጭ ከማለቱ ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ጨርቅ ሥር ሲፈልግ፣ ረዳቱ ገንዘብ የጠፋበት መስሎት ስልኩን አበራለት። "ቀበቶ ነው" ቢለው፣ "ኧረ ተወው ወንድሜ፣ ኋላ ትራፊክ አያይም" አለው። ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። የአክስቴ ልጅ አልሳቀም። አንደኛውን ጫፍ አገኘው፤ የመቆለፊያውን ግን አላገኘውም። እስከ ዳባት ድረስ ወንበሩን በሁለት እጁ እንደያዘ ሄደ።

ያን ዕለት ሲያወጋኝ የገባኝ፣ ስዊድኖችም እንዲህ የተፈጠሩ እንዳልሆኑ ነው። ቀበቶው ከተሠራ በኋላ ከፊት የተቀመጠ ሁሉ እንዲያስር ሕግ ያስገደደው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኋላ ተቀማጭ አዋቂዎች ደግሞ በ1986። ከግራ ወደ ቀኝ እንንዳ ወይ ተብለው በ1955 ሲጠየቁም ከመቶ 83ቱ አንፈልግም ብለው ነበር፤ መንግሥት በ1967 አዞራቸው። በዚህስ ቀድመናቸዋል፤ እኛ ወደ ቀኝ የዞርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፣ ከእነሱ ሦስት ዓመት በፊት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ግን ስዊድን ውስጥ በየዓመቱ ወደ 1,300 ሰው መንገድ ላይ ይሞትባቸው ነበር። ዛሬ መኪናው በዝቶ ሟቹ ወደ 200 ገደማ ወርዷል። ፓርላማቸው በ1997 እ.ኤ.አ. በመንገድ ላይ ማንም እንዳይሞት ብሎ ወሰነ። እኛ አደጋ ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ሹፌሩ ጠጥቶ ነበር?" ነው። እነሱ ሰው መሳሳቱ አይቀርም ብለው ይነሡና መንገዱ ስሕተቱን ለምን አልቻለም፣ መኪናው ለምን አልያዘውም ይላሉ። በጠባብ አውራ ጎዳናዎቻቸው መሐል የሽቦ ገመድ ይዘረጋሉ፤ ያንቀላፋ ሹፌር ፊት ለፊት ሰው ላይ ከሚሄድ ሽቦው ላይ ይንሸራተት ነው ነገሩ። ደባርቅን አልፈን የሊማሊሞን ጠርዝ በአንድ ወገን እያየሁ ይህን ስሰማ ትንሽ ቀናሁ።

ባለፈው ጥር ጋቢና ከእኔ ጎን አንድ ቄስ ተቀመጡ። ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ሹፌሩ "አባ፣ ቀበቶ ይሰሩ" ሲላቸው "እግዜር ካልጠበቀ ገመድ ያድናል?" አሉት።

ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ መስቀል ተሳልሞ ነው ከጎንደር የተነሣው። "አባ፣ በቅሎ ሲጭኑ በመጫኛ አያስሩም?"

"አስራለሁ።"

"እግዜር እየጠበቃት?"

ቄሱ ሳቁ። "በል ጫነኝ" ብለው እጃቸውን አነሡ። ጥብጣቡን በዝግታ ሳብኩላቸው፤ ከጋቢው በላይ ሳይሆን ከጋቢው ሥር፣ ዳሌያቸው ላይ ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ቀጭ ሲል "ይኸው ነው?" አሉ። ይኸው ነው አልኳቸው። ዳባትን እስክናልፍ ስለ በቅሎ ዋጋ አጫወቱን።

ደባርቅ ላይ ሹፌሩ በሩን ሲከፍትላቸው ተመርኩዘው ሊወርዱ ተነሡ፤ ጥብጣቡ መልሶ አስቀመጣቸው። ደግመው ሞከሩ፤ ደግሞ ያዛቸው።

"ምነው ልጄ፣ ይህ ሰው አይለቅም እንዴ?"

"አባ፣ ቀይዋን ይጫኗት።"