ከፎቁ ይልቅ መስኮቱን እንይ

ባለፈው ክረምት ልጄን ለመጠየቅ ከጅማ፣ ከጊንጆ ተነስቼ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። የአምስት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ በብሔራዊ ቴአትር በኩል ሳልፍ እጄን ጎትቶ አቆመኝና አንጋጦ የንግድ ባንክን አዲስ ሕንፃ ያይ ጀመር።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ባለመስታወት ሕንፃ ቁመቱ ከ200 ሜትር ያልፋል። የገነባው የቻይና መንግሥት ኩባንያ ነው። በእኛ የወጣትነት ዘመን የምናደንቀው፣ ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት የነደፈው የባንኩ ክብ ሕንፃ ዛሬ ከሥሩ ትንሽ ሆኖ ይታያል።

"እማማ፣ እዚያ ላይ ያሉ ልጆች አይወድቁም?" አለኝ።

"እዚያማ ቢሮ ነው፤ ልጆች የሉም" ብዬ መለስኩለት። እሱ ራሱ ግን የሚኖረው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማታ ቤት ስንገባ እንደ ልማዱ ሮጦ ሶፋው ላይ ወጣና ከበላዩ ካለው መስኮት ተደገፈ። ልቤ ድንግጥ አለ።

በነርስነት ስሠራ ከማንጎ ዛፍ የወደቁ ብዙ ሕፃናት አክሜያለሁ። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንፃር ከባድ ስለሆነ፣ ጎንበስ ሲል ቶሎ ይደፋል። ይህንን ለልጄ ብነግራት "እማዬ፣ ወንፊት አለው እኮ" አለችኝ።

"ወንፊት ትንኝ ይመልሳል እንጂ ልጅ አይመልስም" አልኳት። ቃሌ ከረር ሳይል አልቀረም፤ ተኮራርፈን አደርን።

ጠዋት ቡና ስናፈላ እሷው ጀመረችው። "ሶፋውን እዚያ ያደረግኩት ውጭውን እንዲያይ ብዬ ነው። እኔ ጊንጆ ግቢ ውስጥ አፈር ላይ ተጫውቼ ነው ያደግኩት፤ እሱ ግን ግቢ የለውም" አለችኝ። እኔ ቸልተኝነት ያልኩት ነገር ለካ የእናት አንጀት ኖሯል።

ቡናው ሳያልቅ ሶፋውን ተጋግዘን ወደ ሌላው ግድግዳ ወሰድነው። በሳምንቱ ብረት በያጅ ጠርተን የመስኮት ፍርግርግ አሠራን። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ እሳት ቢነሳም አዋቂ ሰው ከውስጥ ሊከፍተው እንዲችል አስደረግን። እኔም እዚያ እስካለሁ ድረስ ከሰዓት በኋላ ልጁን ወደ ታች እያወረድኩ አጫወትኩት።

ልጅ ከከፍታ ከወደቀ ብድግ አድርጋችሁ አታቅፉት፤ አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ ጠብቁና የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ጥሩ። ደህና ቢመስልም እንኳ ሐኪም ይየው። ካስታወከ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ወይም ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ መሳይ ፈሳሽ ከወጣ ለአፍታም አትዘግዩ።

ጅማም ፎቅ በፎቅ እየሆነች ነው። የልጅ ልጆቻችንን ልንጠይቅ ስንሄድ ማርና ቅቤውን ካስቀመጥን በኋላ መስኮቱን እንይ። ስንናገር ግን እንደ እኔ በቁጣ አይሁን፤ መጀመሪያ እናትየዋን እንስማት።