ከምን ጋር ሲነጻጸር? የሕዝብ ሕንፃዎች የኢነርጂ ቁጠባ መለኪያና የኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች

አንድ የሕዝብ ሕንፃ፣ ትምህርት ቤትም ይሁን ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታልም ይሁን የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት መብራት፣ ውኃና ጥገና ይጠይቃል። ይህን ወጪ የሚሸፍነው በየዓመቱ የሚመደበው የመንግሥት በጀት ነው። የሕንፃው የኢነርጂ ፍላጎት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ንድፉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው። ሕንፃው ወደየት አቅጣጫ እንደሚዞር፣ መስኮቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ግድግዳው ከምን እንደሚሠራ ከተወሰነ በኋላ አምፖልን በቆጣቢ አምፖል በመተካት የሚገኘው ጥቅም ውስን ነው።

ብዙ አገሮች ለሕዝብ ሕንፃዎች የኢነርጂ ቁጠባና የአረንጓዴ ሕንፃ ደረጃዎችን ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ደረጃ የማውጣት ጉዳይ በሚነሣበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ «ከዓለም አቀፍ ደረጃዎች የትኛው ይወሰድ?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ እንዳለ ለማሳየት ይሞክራል፤ ይኸውም ቁጠባው የሚለካው ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው የሚለው ነው። መነሻው በትክክል ካልተመረጠ፣ ማሽን የማያስፈልገው ሕንፃ ዝቅተኛ ነጥብ ሲያገኝ፣ ሳያስፈልገው ማሽን የተገጠመለት ሕንፃ «አረንጓዴ» ተብሎ ሊመሰክርለት ይችላል።

ደረጃዎቹ እንዴት ይለካሉ?

የሕንፃ ኢነርጂ ደረጃዎች በስፋት መውጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ነው። የአሜሪካው የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በምሕጻር «አሽሬ»፣ የመጀመሪያውን የሕንፃ ኢነርጂ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1975 አወጣ። የብሪታንያው «ብሪያም» እ.ኤ.አ. በ1990 ተከተለ፤ የአሜሪካው «ሊድ» ደግሞ በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ሥራ ጀመረ። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በበኩሉ ለታዳጊ አገሮች ገበያ «ኤጅ» የተባለውን ሥርዓት አዘጋጅቷል። በኤጅ ለመመዝገብ አንድ ሕንፃ በኢነርጂ፣ በውኃና በግንባታ ዕቃዎች ረገድ ከአካባቢው የተለመደ ሕንፃ ቢያንስ 20 በመቶ መቆጠብ አለበት።

ሊድም ሆነ ኤጅ በኢነርጂ ረገድ በዋናነት የሚሠሩት በንጽጽር ነው። የቀረበው ሕንፃ ከአንድ የታሰበ «መነሻ ሕንፃ» ጋር ይነጻጸርና ልዩነቱ በመቶኛ ይገለጻል። ይህ ዘዴ በበጋ ማቀዝቀዣ፣ በክረምት ማሞቂያ የግድ በሚሆንባቸው አገሮች አሳማኝ ነው። የአዲስ አበባ ዓይነት የአየር ጠባይ ባለበት ቦታ ግን ችግር ያስከትላል።

ችግሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁለት ቢሮዎች አሉ እንበል። ሕንፃ «ሀ» ሙሉ በሙሉ በመስታወት የተሸፈነና በማሽን የሚቀዘቅዝ ሲሆን መነሻው በዓመት በካሬ ሜትር 160 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በተሻለ ማሽንና በተሻለ መስታወት ወደ 120 ዝቅ ብሏል። ሕንፃ «ለ» መስኮቶቹ የሚከፈቱ፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ነው፤ መነሻው 55 ሆኖ እሱ 50 ይጠቀማል። በመቶኛ ሲዳኙ «ሀ» 25 በመቶ፣ «ለ» 9 በመቶ ቆጥበዋል። በቆጣሪ ሲዳኙ ግን «ለ» ከ«ሀ» ፍጆታ ግማሽ እንኳ አይደርስም። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው፤ አመክንዮው ግን በእውነተኛ ምዘናዎችም ያጋጥማል።

የደረጃዎቹ አዘጋጆች ይህን ክፍተት አላጡትም፤ መፍትሔያቸው ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ሊድ በሚጠቀምበት የአሽሬ 90.1 የስሌት ዘዴ፣ ማቀዝቀዣ ያልታቀደለት ሕንፃ በመነሻው ሕንፃ ውስጥ ያለው ዓይነት ማቀዝቀዣ እንዳለው ተደርጎ ይሰላል፤ ተፈጥሯዊ የአየር ዝውውርን በነጥብ ለማስቆጠር የተለየ ስሌት ማቅረብ ያስፈልጋል። ኤጅም እንዲሁ ማሽን በሌለበት ሕንፃ ላይ ለምቾት ሊያስፈልግ ይችላል የሚለውን ኢነርጂ በግምት ይደምራል። ምክንያታቸው መሠረት የለሽ አይደለም፤ ሞቃት ሆኖ የተሠራ ሕንፃ ውስጥ የገቡ ሰዎች ቆይተው ማቀዝቀዣ መግጠማቸው አይቀርም። ስለዚህ ወሳኙ ነገር ያለ ማሽን ምቹ መሆን የሚችለው ሕንፃ የትኛው ነው የሚለውን መለየት ነው።

በአዲስ አበባ ምቾት ማሽን ይጠይቃል?

ለዚህ ጥያቄ መመዘኛ አለ። ሪቻርድ ዲ ዲርና ጌይል ብሬገር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተለያዩ አህጉራት ከሚገኙ 160 ያህል ሕንፃዎች የተሰበሰቡ 21,000 ገደማ መረጃዎችን በመተንተን፣ መስኮት በሚከፈትባቸው ሕንፃዎች ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች የሚመቻቸው ሙቀት ከውጭው ሙቀት ጋር አብሮ እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሽሬ 55 የምቾት ደረጃ ውስጥ ተካቷል። ቀመሩ ቀላል ነው፤ የውጭው አማካይ ሙቀት በ0.31 ተባዝቶ 17.8 ይደመርበታል። ከውጤቱ ወደላይም ሆነ ወደታች 3.5 ዲግሪ ያለው ክልል 80 በመቶ ለሚሆኑት ተጠቃሚዎች ተስማሚ ነው ተብሎ ይወሰዳል።

የአዲስ አበባ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በቀመሩ መሠረት ምቹው ሙቀት ወደ 22.8 ዲግሪ፣ ተቀባይነት ያለው ክልል ደግሞ ከ19.3 እስከ 26.3 ዲግሪ ይሆናል። በከተማዋ የበጋ ቀን ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ በጥላ ውስጥ ያለው የውጭ አየር ቀን ላይ ራሱ በምቾት ክልል ውስጥ ነው። ሕንፃ ውስጥ የሚሰማ ከባድ ሙቀት ከውጭ አየር የመጣ ሳይሆን ሕንፃው ራሱ የሰበሰበው የፀሐይ ሙቀት ነው ማለት ነው። የማለዳው ብርድ ደግሞ በቀን የተጠራቀመውን ሙቀት ይዞ በሚያሳድር ከባድ የድንጋይ፣ የጡብ ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ሊቀነስ ይችላል። ቀጭን መስታወት በሁለቱም በኩል ይጎዳል፤ ቀን ሙቀትን ያስገባል፣ ሌሊት ያስወጣል።

የፀሐይ አቅጣጫና የመስታወት ሒሳብ

አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከደቡብ በኩል በ57.5 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ወደ ሰሜን ተሻግራ በ76 ዲግሪ ገደማ ትቆማለች። ስለዚህ በደቡብ ግድግዳ ላይ ያለን 1.5 ሜትር ቁመት ያለው መስኮት ከቀትር ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ለመከለል ከበላዩ 95 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚወጣ ጥላ ሰጪ ይበቃል፤ ለሰሜኑ 40 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው። ይህ በማንኛውም ሥራ ተቋራጭ አቅም ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

ምሥራቅና ምዕራብ ግን የተለዩ ናቸው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ በምዕራብ በኩል በ20 ዲግሪ ከፍታ ገደማ ትገኛለች። በዚያ ሰዓት ያንኑ መስኮት በአግድም ጥላ ለመከለል ከ4 ሜትር በላይ የሚወጣ ክዳን ያስፈልጋል። በተግባር መፍትሔው የምዕራቡን መስኮት ማጥበብ፣ ቀጥ ያሉ የጥላ ክንፎችን መጠቀም፣ ወይም በዚያ በኩል ደረጃ ቤት፣ መጸዳጃና ዕቃ ቤት ማስቀመጥ ነው።

ስሕተቱ ምን እንደሚያስከትል በቀላል ስሌት ይታያል። ስፋቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ የምዕራብ ግድግዳው በሙሉ መስታወት የሆነበትን ቢሮ እንውሰድ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በዚያ ግድግዳ ላይ በካሬ ሜትር 600 ዋት የፀሐይ ጨረር ያርፋል፤ ተራ ነጠላ መስታወት ደግሞ ከዚህ ውስጥ 80 በመቶውን በሙቀት መልክ ያስገባል ብለን እንነሣ። ወደ ክፍሉ የሚገባው 5,760 ዋት ይሆናል። በቢሮ ሥራ ላይ ያለ አንድ ሰው 115 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ ይህ በአንዲት ቢሮ ውስጥ 50 ሰዎችን ከማስቀመጥ ጋር እኩል ነው። በደቡብ በኩል የሚገኝ፣ ከግድግዳው 30 በመቶውን ብቻ የያዘና ጥላ ያለው መስኮት በካሬ ሜትር 150 ዋት የተበተነ ብርሃን ቢደርሰው ግን የሚያስገባው ሙቀት 432 ዋት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን አሥራ ሦስት እጥፍ ልዩነት የፈጠረው የንድፍ ውሳኔ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቢሮ ማቀዝቀዣ ሲገጠምለት ደረጃው ማሽኑ ቆጣቢ መሆኑን ብቻ ከጠየቀ፣ ዋናው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል።

ከናይሮቢ የሚገኝ ትምህርት

ይህ አስተሳሰብ በትልቅ የቢሮ ሕንፃ ላይ ሊሠራ እንደሚችል በቅርብ የሚታይ ምሳሌ አለ። በናይሮቢ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 የተመረቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራምና የሰፈራ ፕሮግራም ጽሕፈት ቤት 1,200 ያህል ሠራተኞችን እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ናይሮቢም እንደ አዲስ አበባ ከፍታዋ ሙቀቷን ያለዘበላት የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ ናት። ሕንፃው አየሩን የሚያንቀሳቅሰው በሚከፈቱ መስኮቶችና ሞቃት አየር ወደላይ በሚወጣባቸው ማዕከላዊ ክፍት ቦታዎች ነው። በጣሪያው ላይ 515 ኪሎ ዋት አቅም ያላቸው የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች ተተክለዋል። የንድፉ ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባል። አስቀድሞ ፍላጎቱ ተቀነሰ፤ የፀሐይ ማመንጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍላጎቱ ካልተቀነሰ የትኛውም ጣሪያ የሚበቃ ቦታ አይኖረውም።

ለደጋ የሚሠራ ለቆላ አይሠራም

ከዚህ በላይ የቀረበው መከራከሪያ ለመላው ኢትዮጵያ አይሠራም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት፤ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር አካባቢ ቆላ ናት፤ ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች በበረሃ ውስጥ ትገኛለች። በሰመራ ማቀዝቀዣን መከልከል የታካሚንና የተማሪን ጤና አደጋ ላይ መጣል ይሆናል። በደጋም ቢሆን የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ላቦራቶሪና የሰርቨር ክፍል ማሽን ይፈልጋሉ፤ በተጨናነቀ መንገድ ዳር ያለ ሕንፃም ጫጫታና አቧራ ስለሚገባበት መስኮቱን እንደልብ መክፈት አይችልም።

ስለዚህ ደረጃው በአየር ጠባይ ክልል መከፋፈል አለበት። ለዚህም ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላና በረሃ የሚለው ከጥንት የመጣ አከፋፈል ጠቃሚ መነሻ ይሆናል። ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤትን በመሰሉ፣ አንድ የተዘጋጀ ንድፍ በብዙ ቦታ በሚደገምባቸው ሕንፃዎች ላይ ጥቅሙ ይበልጥ ይጎላል። በአንድ ንድፍ ላይ የተሠራ ስሕተት በየወረዳው ይባዛልና።

የሚቆጠበው ምንድን ነው?

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት መቆጠብ የሚቀንሰው የካርቦን ልቀት በድንጋይ ከሰል ከሚተዳደሩ አገሮች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ይህ ቁጠባን ዋጋ ቢስ አያደርገውም፤ ምክንያቱን ግን ይቀይረዋል። የሚቆጠበው የማሠራጫ መስመሮችና ትራንስፎርመሮች አቅም፣ ኃይል ሲቋረጥ ጀነሬተር የሚያቃጥለው ናፍጣ፣ እንዲሁም ለማሽንና ለመለዋወጫ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። ማቀዝቀዣው ሲበላሽ መስኮቱ የማይከፈት ሕንፃ አገልግሎት መስጠት ያቅተዋል።

በካርቦን ረገድ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ግንባታ ዕቃዎች ያዘነብላል። አንድ ቶን ክሊንከር ሲመረት ከኖራ ድንጋዩ መፍረስ ብቻ ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ የምድጃው ነዳጅ ከዚህ በተጨማሪ ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያ የሚዘጋጅ ደረጃ ለሲሚንቶ፣ ለብረት፣ ለአሉሚኒየምና ለመስታወት መጠን የሚሰጠው ክብደት ከሌሎች አገሮች ደረጃዎች ሊበልጥ ይገባል።

ደረጃው ምን ሊጠይቅ ይችላል?

የሕግ መሠረቱ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ግዴታ ጥሏል፤ በሕዝብ ሕንፃ ላይ የተለየ ግዴታ መጣል እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ደግሞ የኢነርጂ ቁጠባን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቷል። የሚቀረው ሁለቱን በግንባታ ፈቃድ ሂደት ላይ ማገናኘት ነው።

በዚህ ረገድ ሦስት መስፈርቶች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይችላል። አንደኛው፣ የንድፍ አማካሪ የሚቀጠርበት የሥራ ዝርዝር ከማሽን ምርጫ በፊት የሕንፃውን አቅጣጫ፣ የመስታወት ድርሻና የጥላ ስሌት እንዲጠይቅ፣ በደጋና በወይና ደጋ ማቀዝቀዣ የሚጠይቅ ንድፍም ምክንያቱን እንዲያስረዳ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ገደቡ ከመነሻ ሕንፃ በሚገኝ መቶኛ ሳይሆን በዓመት በካሬ ሜትር በሚቆጠር ኪሎ ዋት ሰዓት ለእያንዳንዱ የአየር ጠባይ ክልልና የሕንፃ ዓይነት መወሰን ነው። ሦስተኛው፣ ሕንፃው ሥራ ከጀመረ በኋላ ትክክለኛውን ፍጆታ ለሕዝብ ማሳወቅ ነው። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ትልልቅ የሕዝብ ሕንፃዎች በቆጣሪ የተመዘገበ ፍጆታቸውን ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በሚደርስ ደረጃ ለተገልጋይ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፉ አስገድደዋል። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2009 ለቢሮዎች ያወጣችው የኮከብ ምደባ የተመሠረተው በካሬ ሜትር በተለካ እውነተኛ ፍጆታ ላይ ነው።

ከሦስቱ ሦስተኛው በአነስተኛ ወጪና በአጭር ጊዜ ሊጀመር የሚችል ነው፤ የኤሌክትሪክ ክፍያ ደረሰኝና የወለል ስፋት ከታወቀ የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ይቻላል። ለሁለተኛው መስፈርት የሚሆኑት የአገር ውስጥ ገደቦች የሚገኙትም ከዚሁ መረጃ ነው። ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚሆነው ክፍት መስክ እዚህ ላይ ነው። በየአየር ጠባዩ ያሉ የሕዝብ ሕንፃዎች ምን ያህል ኃይል እንደሚጠቀሙ፣ በውስጣቸው ያለው ሙቀት በየሰዓቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ተገልጋዮቹም ምን እንደሚሰማቸው በአንድነት ከተመዘገበ፣ ደረጃው የሚነጻጸረው ከሌላ አገር ከተወሰደ መነሻ ሕንፃ ጋር ሳይሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ቆመው ከሚያገለግሉ ሕንፃዎች ጋር ይሆናል።