የፒክአፕ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ማስገቢያ፡ በእጅ ወይስ በኤሌክትሪክ?

ከከተማ ርቆ ወደሚኖር ቤተሰብ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግሩት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ናቸው። አስፋልቱ ያልቃል፣ ኮረኮንቹም ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ በሸዋና በወሎ ደጋ በክረምት የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር፣ በአፋርና በሶማሌ ቆላ ደግሞ ጎማ የሚውጥ አሸዋ ይጠብቃል። ዱቄትና ዘይት የጫነ ወይም የታመመ ሕፃን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት የሚቸኩል መኪና እዚያ ላይ ከቆመ የሚጎዳው ባለ መኪናው ብቻ አይደለም። ግለሰብም ሆነ ማኅበር ፒክአፕ ሲገዛ «ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ይሁን» የሚለውም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው ዲፈረንሻል በምን መንገድ ሥራ ላይ እንደሚውል የሚጠይቅ ገዥ ጥቂት ነው። በአንዳንዱ መኪና ከማርሽ ዘንግ አጠገብ በቆመ ሌላ ዘንግ በእጅ ይገባል፤ በሌላው ደግሞ በዳሽቦርድ ላይ ባለ መዞሪያ ወይም ቁልፍ፣ በኤሌክትሪክ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን አሠራር፣ ጥቅምና ድካም፣ እንዲሁም ለማን የትኛው እንደሚሻል በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የሁለቱም መሠረት አንድ ነው

በተለመደው ጉዞ የአብዛኛው ፒክአፕ ሞተር የሚያሽከረክረው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ከዋናው ካምቢዮ ቀጥሎ ትራንስፈር የሚባል አነስተኛ ካምቢዮ ተቀምጧል፤ ሥራውም ሲታዘዝ ኃይሉን ለፊተኛው ካርዳንና ለፊተኛው ዲፈረንሻል ማካፈል ነው። ትራንስፈሩ በአብዛኛው ሦስት ደረጃዎች አሉት። «ቱ ኤች» በኋላ ጎማዎች ብቻ የሚኬድበት ነው። «ፎር ኤች» አራቱም ጎማዎች በተለመደው ማርሽ የሚሠሩበት ነው። «ፎር ኤል» ደግሞ አራቱም ጎማዎች በዝግታ፣ ነገር ግን በብዙ ጉልበት የሚሠሩበት ሲሆን፣ በብዙ ፒክአፖች ላይ ወደ ጎማ የሚደርሰውን ጉልበት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ያሳድጋል።

እዚህ ላይ ሁለቱንም ዓይነት መኪና የሚገዛ አንድ ሕግ አለ፤ «ፎር ኤች» በደረቅ አስፋልት ላይ አይነዳም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ስለሚዞሩ በእኩል ጊዜ የበለጠ ርቀት መሄድ ይኖርባቸዋል። በ«ፎር ኤች» ጊዜ ግን የፊቱና የኋላው ካርዳን እኩል እንዲዞሩ ተጣምረዋል። በጭቃ፣ በአሸዋ ወይም በልቅ ጠጠር ላይ ጎማው ጥቂት ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይካካሳል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተቻ ስለሌለ ጫናው በካርዳኑ፣ በጥርሶቹና በጎማው ላይ ይከማቻል። መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይበላል፣ ውሎ አድሮም ትራንስፈሩ ይጎዳል። ከዚህ ሕግ ውጭ የሆኑት በመካከል ተጨማሪ ዲፈረንሻል ያላቸው ናቸው፤ የሚትሱቢሺ ሱፐር ሴሌክት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

በእጅ የሚገባው

በዚህኛው ዓይነት ሾፌሩ ዘንጉን ሲገፋ ወይም ሲስብ፣ ከሥር ያለው ብረት በትራንስፈሩ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች በቀጥታ ያገናኛል። በሾፌሩ እጅና በጥርሱ መካከል ኮምፒዩተርም ሽቦም የለም። ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 79 ፒክአፕ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው።

በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መኪናዎች ላይ ግን ሌላም ሥራ አለ። በፊት ጎማዎች መሃል ላይ ሃብ የሚባል መቆለፊያ ይገኛል። ሾፌሩ ወርዶ በሁለቱም በኩል መቆለፊያውን ከ«ፍሪ» ወደ «ሎክ» ካላዞረው፣ ዘንጉ «ፎር ኤች» ላይ ቢሆንም ካርዳኑ በከንቱ ይዞራል እንጂ ኃይሉ ወደ ፊት ጎማ አይደርስም። በጭቃ ተይዞ «ፎሩ አልሠራ አለ» ተብሎ ከሚነገርበት መኪና ውስጥ አንዳንዱ ምንም ብልሽት የሌለበት፣ ሃቡ ያልተቆለፈ ብቻ ነው። ብልህ ሾፌር ሃቡን የሚቆልፈው መጥፎው መንገድ ከመጀመሩ በፊት፣ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ሃቡ ተቆልፎ በ«ቱ ኤች» መጓዝ ነዳጅ ጥቂት ከመጨመሩ በስተቀር ጉዳት የለውም፤ ዘንጉን ግን በተፈለገ ጊዜ ለማስገባት ያስችላል።

የዚህ ዓይነቱ ትልቅ ጥቅም ብልሽቱ የሚታይና የሚዳሰስ መሆኑ ነው። ዘንጉ ቢላላ ጎሚኒው ይቀየራል፤ ሃቡ ቢደርቅ ተፈትቶ ይጸዳል፣ ግራሶ ይቀባል። ይህንንም የወረዳ ከተማ መካኒክ በመፍቻና በመዶሻ ይሠራዋል። ዘንጉ ከ«ፎር ኤች» አልወጣ ቢል ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከላይ የጠቀስነው ጫና ነውና፣ መኪናውን ጥቂት ሜትሮች ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መንዳት ያላቅቀዋል።

በኤሌክትሪክ የሚገባው

በዚህኛው ሾፌሩ መዞሪያውን ሲያዞር ትእዛዙ ወደ ኮምፒዩተር ይሄዳል። ኮምፒዩተሩ የመኪናውን ፍጥነትና የማርሹን ሁኔታ ከሴንሰሮች አይቶ ተስማሚ ከሆነ፣ በትራንስፈሩ ላይ የተገጠመች ትንሽ ሞተር ጥርሶቹን እንድታገናኝ ያዛል። የፊተኛው ዲፈረንሻልም ሾፌሩ ሳይወርድ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቶዮታ ሃይሉክስ ከቀደመው ዘንግ ይልቅ መዞሪያ ይዞ መጥቷል፤ ፎርድ ሬንጀርና አይሱዙ ዲ ማክስም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ጥቅሙ ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ሾፌሩ በዝናብና በጭቃ መውረድ አያስፈልገውም፤ ስለዚህም «ትንሽ ልሞክረው» ብሎ እስኪሰምጥ አይዘገይም። ሁለተኛ፣ ከ«ቱ ኤች» ወደ «ፎር ኤች» በጉዞ ላይ እያለ ይቀይራል፤ የሚፈቀደው ፍጥነት ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ መመሪያ መጽሐፉን ማየት ግድ ነው። ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ ትእዛዝ አይቀበልም፤ መኪናው በፍጥነት እየሄደ «ፎር ኤል» ቢባል እምቢ ይላል። «ፎር ኤል» በሁለቱም ዓይነት የሚገባው መኪናው ቆሞ ወይም ሊቆም ተቃርቦ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ወይም ማርሹ ባዶ ሆኖ ነው።

ድካሙ ደግሞ ከስውርነቱ ይመጣል። የሽቦ መገናኛው ውኃ ገብቶበት ሊዝግ፣ ትንሿ ሞተር ለብዙ ወራት ሳትሠራ ቆይታ ልትደርቅ፣ ሴንሰሩ የተሳሳተ መልእክት ሊልክ ይችላል። ባትሪው የደከመ እንደሆነም ሥርዓቱ ይታወካል። ይህ ሲሆን የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ጥፋቱ የት እንደሆነ በዓይን አይታይም። ብዙውን ጊዜ የኮምፒዩተር መመርመሪያ ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል፤ እርሱም ያለው በትልቅ ከተማ ነው።

ስህተቱ ከማን ይመጣል?

ከላይ የተባለውን ስንሰበስበው አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። በእጅ የሚገባው በአብዛኛው የሚከሽፈው በሰው ነው፤ ሾፌሩ ሃቡን ይረሳል ወይም ዘንጉን ያለ ቦታው ያስገባል። በኤሌክትሪክ የሚገባው በአብዛኛው የሚከሽፈው በዕቃው ነው፤ ሽቦው፣ ሴንሰሩ ወይም ሞተሩ ይበላሻል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «የትኛው ዘመናዊ ነው?» ሳይሆን «መኪናው ሲበላሽ ማን አጠገቡ ይገኛል?» የሚለው ነው።

መኪናው አንድ ቋሚና የሠለጠነ ሾፌር ካለው፣ ጉዞውም ከትልልቅ ጋራዦች ርቆ ከሆነ፣ በእጅ የሚገባው ይመረጣል። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በከተማና በአስፋልት የሚውል፣ ወደ ገጠር አልፎ አልፎ የሚወጣ፣ የኮምፒዩተር መመርመሪያ ያለው ጋራዥም በቅርብ የሚገኝለት ከሆነ በኤሌክትሪክ የሚገባው ይሻላል። ብዙ ሾፌሮች የሚፈራረቁበት የማኅበር መኪና ከሁሉም የሚከብድ ጉዳይ ነው። ሰው በተቀያየረ ቁጥር ሃብ የሚረሳው ስለሚበዛ ኤሌክትሪኩ ከስህተት ይጠብቃል። ርቀቱ አስገድዶ በእጅ የሚገባው ከተገዛ ግን ለእያንዳንዱ ሾፌር ሥልጠና መስጠትና አሠራሩን በአማርኛ ጽፎ በጋቢናው ውስጥ መለጠፍ ያስፈልጋል።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ

አንደኛ፣ ዘንግ ስላለ ብቻ ኤሌክትሪክ የለበትም ማለት አይደለም። በአንዳንድ ሃይሉክስ ላይ ትራንስፈሩ በዘንግ ሲገባ የፊተኛው ዲፈረንሻል ግን በኤሌክትሪክ ይገናኛል። የፊት ጎማውን መሃል ማየት ይጠቅማል፤ የሚዞር ሃብ ከሌለ ግንኙነቱ የሚፈጸመው በሌላ መንገድ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሙከራው በአስፋልት ላይ ሳይሆን በልቅ አፈር ወይም በጠጠር ላይ ይሁን። «ፎር ኤች»ም «ፎር ኤል»ም ገብተው መውጣታቸው፣ መብራቱም ሳይብለጨለጭ ጸንቶ መብራቱ ይረጋገጥ። ሃብ ካለ ሁለቱም በእጅ ያለ ችግር መዞር አለባቸው።

ሦስተኛ፣ የፊተኛው ዲፈረንሻልና የትራንስፈሩ ዘይት ይታይ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል።

አራተኛ፣ አራቱም ጎማዎች በቁጥር አንድ ዓይነት፣ በመበላትም ተቀራራቢ ይሁኑ። የፊትና የኋላ ጎማ መጠን ከተለያየ «ፎር ኤች» በገባ ቁጥር ትራንስፈሩ ይጨነቃል።

ከገዙ በኋላ

ሁለቱንም ዓይነት ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው ያለ ሥራ መቀመጥ ነው። የቶዮታ መመሪያ መጻሕፍት በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በአራቱ ጎማ እንዲነዳ ይመክራሉ፤ ዘይቱ ወደ ፊተኛው ክፍል እንዲዳረስ ነው። ይህም በኮረኮንች ላይ ይደረግ። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት ወር፣ ሥርዓቱን በጋራዥ ማስፈተሽ ተገቢ ነው። ወደ መጥፎ መንገድ ሲኬድም ማስገባት ያለብን ጭቃው ውስጥ ከመግባታችን በፊት ነው። ኤሌክትሪኩ እምቢ ቢል በደረቅ መሬት ላይ ሆኖ ማወቅ ይሻላልና። እንዲህ ሲሆን መኪናውን አቁሞ ማርሹን ባዶ ማድረግ፣ ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና ማስነሣት፣ ፊውዙን ማየት፣ ጥቂት ሜትሮችም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነድቶ ደግሞ መሞከር ይቻላል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ግን መመለስ ከመስመጥ ይሻላል።

በመጨረሻም ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መሆን መኪናውን ለመሄድ ይረዳዋል እንጂ ለመቆም አይረዳውም። በጭቃ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ርቀት አያሳጥርም። ስለዚህ የየትኛውም ዓይነት ባለቤት ፍጥነቱን መቀነስ አለበት።

በለጋሾች ገንዘብ የተገዛ መኪና አማና ነውና፣ አማናን መጠበቅ የሚጀምረው ከመግዛት በፊት ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሾፌርና መኪናውን የሚጠግን መካኒክ ሳይጠየቁ የተገዛ ፒክአፕ ምንም ያህል ውድ ቢሆን በተፈለገበት ቀን ሊቆም ይችላል። የግዢ ኮሚቴዎችም ሆኑ ቤተሰቦች ወደ ሻጭ ከመሄዳቸው በፊት ሁለቱን አማክረው «መኪናው የት ይሄዳል? ማን ይነዳዋል? ማን ይጠግነዋል?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱን በወረቀት ቢያሰፍሩ፣ ኢንሻአላህ ምርጫው አይከብዳቸውም።