ውጭ አገር ስለሚጠገኑት አውሮፕላኖች

ትናንት የሌሊት ሺፍት ላይ አንድ ባልደረባዬ ስልኩን አሳየኝ። «የአሜሪካን አውሮፕላን ያልተማረ ሰው ውጭ አገር እየጠገነው ነው» የሚል ጽሑፍ። የሚያጋሩት ደግሞ የእኛው ልጆች ናቸው! የአውሮፕላን ጥገና ሙያዬን አዲስ አበባ ተምሬ፣ የስንት አገር አውሮፕላን እኛ ሃንጋር ገብቶ ተጠግኖ ሲወጣ አይቻለሁ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

1. የሚላከው ከባዱ ቼክ ነው። ወንበሩም ወለሉም ተነቅሎ ዝገትና ስንጥቅ ይፈለጋል፤ ብዙ ሺህ የሰው ሰዓት ይበላል። ዋናው ወጪ የእጅ ዋጋ ስለሆነ ወደ ኤልሳልቫዶር፣ ሜክሲኮ፣ ቻይና ይሄዳል። ጌት ላይ ጎማው የተበላ አውሮፕላን ግን እዚያው ነው የሚቀየርለት።

2. ደመወዙ። ሥራው ባይሄድ እንኳ ድርድር ላይ «እንልከዋለን» መባሉ ብቻ ደመወዝ ለማውረድ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2005 የአሜሪካው ኖርዝዌስት አየር መንገድ ሜካኒኮችና የጽዳት ሠራተኞች፣ ወደ 4,400 ሰው፣ አድማ መቱ። ኩባንያው ወደ 2,000 ሰው ልቀንስ፣ ደመወዝም በ25 በመቶ ላውርድ ብሎ ነበር። በቦታቸው ሌላ ሰው ቀጠረ፤ የቀሩት ማኅበራት ሥራ ቀጠሉ፤ አድማው ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለድርድር የተቀመጠ ሜካኒክ ሁሉ ይህንን እያሰበ ነው የተቀመጠው።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። ላይሰንስ!

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ክፍል 145 ደንብ አሜሪካ ውስጥ ባለ የጥገና ጣቢያ «ይህ አውሮፕላን ለበረራ ብቁ ነው» ብሎ የሚፈርም ሰው የኤፍኤኤ ላይሰንስ እንዲኖረው ያስገድዳል። ጣቢያው ውጭ አገር ከሆነ ግን 18 ወር የሥራ ልምድ ወይም በሥራው መሠልጠን፣ ደንቡንም ጠንቅቆ ማወቅ ይበቃል። አውሮፕላኑ ያው፣ ተቆጣጣሪው ያው፣ ሚዛኑ ሁለት! እኔ የጽሑፍ፣ የቃልና የተግባር ፈተና ተፈትኜ ነው ላይሰንሱን የያዝኩት። ኤልሳልቫዶር ያለው ልጅ ቢፈተን እንደሚያልፍ አልጠራጠርም፤ ለምን አይፈተንም ነው የምለው። ተፈትኖ ቢይዘው የገዛ ደመወዙን የሚጠይቅበት ወረቀት ይኖረው ነበር፤ የእኛም ዋጋ በእሱ አይወርድም ነበር።

የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራውም እንደዚያው ነው። እኛ በማንኛውም ቀን ተጠርተን እንመረመራለን። ውጭ ያሉትም ይመርመሩ ብሎ የአሜሪካ ኮንግረስ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ2012፤ ኤፍኤኤ ደንቡን ያወጣው በዲሴምበር 2024። አሥራ ሁለት ዓመት! እኛ አንድ ፊርማ ብንዘል በማግስቱ ነው የምንጠየቀው። አሁንም ጣቢያዎቹ እስከ ዲሴምበር 2027 ጊዜ አላቸው።