ሳይገዙም የሚያተርፉበት የመኪና ሐራጅ

በአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ዋጋ የሚታወቀው በሹክሹክታ ነው። ሻጩ ለደላላው አንድ ዋጋ ይነግረዋል፤ ደላላው ለገዢው ሌላ ዋጋ ይጠራል፤ ውል ሲፈረም ደግሞ ወረቀቱ ላይ ሦስተኛ ዋጋ ሊሰፍር ይችላል። በዚህ ገበያ ውስጥ ዋጋ በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ተብሎ የሚጠራበት ቦታ ቢኖር የሐራጅ ግቢ ነው። በመኪና ጨረታ ቀን ሲፒኦ ሳያሠራ፣ አንዲት ሳንቲም የማውጣት ሐሳብ ሳይኖረው የሚመጣ ሰው የማይጠፋውም ለዚህ ነው።

ይህ ሰው ሥራ ፈት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሜካኒኩ የሚመጣው የትኛው ሞዴል እንደሚፈለግ ለማወቅ ነው። የመለዋወጫ ነጋዴው የትኛው መኪና ለመንገድ፣ የትኛው ለመበታተን እንደሚገዛ ያያል። ደላላው የሚቀጥለውን ሳምንት ዋጋ ይዞ ይመለሳል። ጡረተኛውም ቢሆን ድሮ የነዳውን ቮልስ ወይም ፔጆ 404 በሰልፉ መካከል ሲያገኝ የልጅነቱን ሰፈር ያገኘ ያህል ይሰማዋል።

ሻጮቹ እነማን ናቸው?

መኪና ለጨረታ የሚያቀርቡት ወገኖች በጥቅሉ አራት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ባንኮች ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ብድሩ በጊዜው ሳይከፈለው ሲቀር፣ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሁለተኛው ጉምሩክ ሲሆን፣ የተወረሱና ባለቤት ያላነሣቸውን ዕቃዎች ይሸጣል። ሦስተኛዎቹ አገልግሎታቸውን የጨረሱ ተሽከርካሪዎችን የሚያስወግዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። አራተኛዎቹ ደግሞ ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ናቸው።

ለጉለሌ ሰው ይህ አራተኛው ወገን ጎረቤት ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው የእንጦጦ መንገድ ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ ይገኛል። የአሜሪካ ኤምባሲዎች በየአገሩ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችንና የቤት ዕቃዎችን በጨረታ የመሸጥ ልማድ አላቸው። የኤምባሲ መኪና በገበያው ዘንድ የሚፈለገው ኦሊዮው በጊዜው ይቀየራል፣ ጥገናው በመዝገብ ይያዛል ተብሎ ስለሚታመን ነው። ሆኖም መኪናው ሲገባ ቀረጥ ያልተከፈለበት በመሆኑ፣ የቀረጥ ነፃ መብት ወደሌለው ሰው ሲዞር ቀረጡና ታክሱ ይጠየቅበታል። የጨረታው ዋጋ ርካሽ የመሰለው ተጫራች እውነተኛውን ዋጋ የሚያውቀው ጉምሩክ ሲደርስ ነው።

ዳገቱና ቮልሷ

ጉለሌ ለመኪና መፈተኛ የሚሆን ሰፈር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የእንጦጦ ጋራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ገና ከተማው ውስጥ እያለ በባሕር ዳርቻ ካለው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በዚህ ሰፈር የመኪና ነገር ሲነሣ ከቀለሙ በፊት «ዳገት ትወጣለች ወይ?» መባሉ አያስገርምም።

ቮልስ የተወደደችበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር በመሆኑ ራዲያተር የላትም፤ ዳገት መሐል ውኃ ፈልቶባት ኮፈን ከፍታ አትቆምም። በታሪክም ቢሆን ስሟ የገነነ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። መጀመሪያ ከተሠራችበት ቅርጽ ብዙም ያልራቀችው ይህች መኪና ምርቷ የቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ሲሆን፣ እስከዚያ ቀን ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ከዚያ ወዲህ አንዷ በተቃጠለች ወይም በተበታተነች ቁጥር የምትተካት የለችም።

በውጭ አገር እንዲህ ያሉ የቆዩ መኪኖች ራሳቸውን የቻለ ገበያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሽቱትጋርት በሚገኘው የመርሴዲስ ሙዚየም የ1955 ሞዴል የሆነ መርሴዲስ ቤንዝ 135 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጧል። በ2023 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ 51.7 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። አሜሪካ ውስጥ በስኮትስዴል ከተማ በየዓመቱ በሚካሄደው ትልቅ የመኪና ጨረታ፣ ምንም የማይገዛ ሕዝብ የመግቢያ ትኬት ቆርጦ ይገባል። ጨረታው ራሱ ትርኢት ሆኗል ማለት ነው።

እኛ ዘንድ የቆየች መኪና በአብዛኛው የምትመጣው ከፒካፕ፣ ከሚኒባስና ከተገጨ አይሱዙ ጋር ተሰልፋ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖች በ2017 ዓ.ም. ለጎብኚ በተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ውስጥ ለዕይታ ቀርበዋል፤ እነርሱ ለገበያ አይደሉም። የተራው ሰው መኪና ግን ሙዚየም የለውም። የመጨረሻ ዕድሉ የሚወሰነው በሐራጅ ግቢ ነው፤ የሚያድሰው ሰው ካሸነፈ ወደ ላሜሪስት፣ የሚበታትነው ካሸነፈ ወደ መለዋወጫ ተራ ይሄዳል። ተመልካቹን በእግሩ የሚያቆመው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ዓይን እንጂ መሪ አይፈቀድም

በጨረታ መኪናውን ማየት እንጂ ነድቶ መሞከር ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ማስታወቂያውም «ባለበት ሁኔታ» የሚል ቃል አይጠፋውም። ይህም ማለት ከተሸጠ በኋላ ካምቢዮው አልገባም፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል የሚል አቤቱታ ሰሚ የለውም ማለት ነው። በመሆኑም ልምድ ያላቸው ሰዎች የመጎብኛ ቀኑን ከጨረታው ቀን በላይ ያከብሩታል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራሉ። ላሜራውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ስቱኮ የተሞላበትን ቦታ በድምፁ ይለያሉ። መኪናው ሥር ጎንበስ ብለው የፈሰሰ ዘይት ይፈልጋሉ፤ ጎማው በአንድ ጎን ብቻ ተበልቶ ከሆነም እግሩ እንደተጣመመ ይጠረጥራሉ። ጀማሪ ከእነዚህ ሰዎች ኋላ ኋላ በመከተል ብቻ በነፃ የሚማረው ትምህርት አለ።

ጨረታው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። በዝግ ጨረታ ሁሉም ዋጋውን በፖስታ አሽጎ ያስገባል፤ ፖስታው ሲከፈት ስምና ዋጋ እየተጠራ ይነበባል። በግልጹ ሐራጅ ግን ዋጋው በአፍ እየጨመረ ይሄድና «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ተብሎ ይዘጋል። የመጀመሪያው የነርቭ፣ ሁለተኛው የጉሮሮ ውድድር ነው። በሁለተኛው ላይ ተፎካካሪን ለመጣል ብቻ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ፣ ከዚያም መኪናው እጁ ላይ ሲቀር የሚደነግጥ ተጫራች አይጠፋም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው አባባል ለዚህ ቦታ የተነገረ ይመስላል።

ዋጋው ለምን ወጣ?

ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከፍሉትን ታክስ ከፍ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

የሦስቱም ውጤት አንድ አቅጣጫ ይዟል። አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ቁጥር የሚተካ ሳይሆን የሚቀንስ ሆኗል። አቅርቦቱ ሲቆም ዋጋ የሚወስነው ፈላጊው ብቻ ነው፤ አሮጌ መኪናም ከመጓጓዣነት አልፎ ገንዘብ ማስቀመጫ ሆነ። በሌላ በኩል የነዳጅ ዋጋ መጨመርና የኤሌክትሪክ መኪኖች መብዛት ብዙ ቤንዚን የሚጠጣውን አሮጌ ሞተር ይጫኑታል። ስለሆነም ዋጋው ሁልጊዜ ሽቅብ ይሄዳል ብሎ መተማመን አያዋጣም።

አሸናፊው የሚከስርበት ጨዋታ

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ስለ ጨረታ ብዙ ተመራምረዋል። ዊሊያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ጀመሩት፤ ፖል ሚልግሮምና ሮበርት ዊልሰን በ2020 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከጥናቶቹ ለመርካቶ ነጋዴ የሚጠቅመው ነጥብ ቀላል ነው። ለምሳሌ አንዲት መኪና በእርግጥ የምታወጣው 500,000 ብር ነው እንበል። አምስት ሰዎች በየግላቸው ሲገምቷት አንዱ 400,000፣ ሌላው 450,000፣ ሦስተኛው 500,000፣ አራተኛው 550,000፣ አምስተኛው 600,000 ይላታል። ሁሉም የገመተውን በፖስታ ቢያስገባ የሚያሸንፈው ከሁሉ በላይ አብዝቶ የገመተው ነው። ማሸነፉ ራሱ አብዝቶ መክፈሉን ይነግረዋል።

በግልጽ ሐራጅ ይህ አደጋ ይቀንሳል፤ ተጫራቹ ሌሎቹ የት ላይ እንዳቆሙ እያየ ግምቱን ያርማልና። ሊቃውንቱ እንደሚሉት በዚህ ሻጩም ይጠቀማል፤ ፍርሃቱ የቀነሰለት ተጫራች ደፈር ብሎ ይጫረታል።

ነገሩ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን ግቢው ውስጥ ላይገኝ የሚችለውን ሰው ነው፤ ይኸውም መኪናው በዕዳ የተያዘበትን ተበዳሪ። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ዕዳ እርሱው ላይ ይቀራል፤ ከሸፈነ ደግሞ ትርፉ ተመላሽ ይሆንለታል። ሦስት ሰው ብቻ በመጣበት ጨረታ ሦስቱ ቡና ላይ ተነጋግረው አንዱን ዝም ማሰኘት አይከብዳቸውም። ሠላሳ ሰው በቆመበት ግን ሁሉን ዝም ማሰኘት ያስቸግራል፤ የተመለከተውን ውጭ የሚያወራም አይጠፋም። እጁን ኪሱ ከትቶ የቆመው ተመልካች ሳያውቀው የማያውቀውን ሰው ንብረት ይጠብቃል።

ከመጫረት በፊት

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢያንስ ሁለትና ሦስት ጨረታ በተመልካችነት ቢያሳልፍ ይመከራል። መነሻ ዋጋውንና የተሸጠበትን ዋጋ በደብተር ይያዝ፤ ልዩነቱ የገበያውን ትኩሳት ይነግረዋል። ከዚያም የራሱን ጣሪያ ከቤት ሳይወጣ ይወስን። በጣሪያው ውስጥ የጨረታውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ያልተከፈለ ቀረጥ፣ በማስታወቂያው ከተጠቀሰ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የስም ማዛወሪያ፣ ውዝፍ ቦሎና የጥገና ወጪ ይካተት። ያላሸነፈ ሰው ማስያዣው ይመለስለታል፤ አሸንፎ በተሰጠው ቀን ያልከፈለ ግን ማስያዣውን ሊያጣ ይችላል።

በዚህ ስሌት ከአሥር ጨረታ ዘጠኙን ባዶ እጅ መመለስ የተለመደ ነው። ባዶ እጁን የተመለሰውም ቢሆን መኪና ተራ ሲደርስ ደላላው የጠራለትን ዋጋ ሰምቶ ፈገግ ለማለት የሚያበቃ ዕውቀት ይዞ ነው የሚሄደው።