የጢስ መውጫን ስለ መጥረግና ስለ መጠበቅ

«ጢስ መውጫ አያጣም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ስለ ሰው ኑሮ ሲነገር የሚያጽናና ቃል ነው። ስለ ቤት ጢስ በተነገረ ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ ይኸውም ጢሱ መውጫውን እስኪያገኝ ድረስ በማን ላይ አልፎ ይሄዳል? የሚል ነው። እንጀራ በምትጋግረው እናት ዓይን፥ በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃን ደረት፥ በምድጃው አጠገብ በተቀመጡት አያት ሳንባ አልፎ የሚሄድ ጢስ፥ በመጨረሻ ወጣ ቢባልም ጉዳቱን በቤት ትቶ ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ ለቤት እመቤቶችና ለአባ ወራዎች ለማስታወስ የወደድነው መውጫውን ስለ ማሠራት ብቻ አይደለም። ከተሠራ በኋላ በየጊዜው መመርመር፥ መጥረግና መጠገን እንደሚገባ ለመግለጽ ነው። ያልተጠረገ የጢስ መውጫ፥ ቤተ ሰቡ ተማምኖበት ሳለ የሚጎዳው ስለ ሆነ፥ ጨርሶ ካለመኖሩ ይልቅ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ።

የሣር ቤትና የቆርቆሮ ቤት

ግልገል ዓባይ ከሚመነጭበት ከግሽ ዓባይ፥ ከሰከላ ደጋ ጀምሮ እስከ ፍኖተ ሰላምና እስከ ቡሬ ድረስ ባለው አገር ምድጃ የሌለበት ቤት የለም። በደጋው ብርዱ ብርቱ ስለ ሆነ እሳት ለወጥና ለእንጀራ ብቻ ሳይሆን ለመሞቂያም ይነድዳል፤ በሩም ማታ በጊዜ ይዘጋል። በጥንቱ የሣር ቤት ጢሱ በክዳኑ ውስጥ እየሰረሰረ፥ በግድግዳውና በጣራው መካከል ባለው ክፍተት እየሾለከ ይወጣ ነበር። በዚያውም ጥቅም ነበረው። ጥቀርሻው የጣራውን እንጨትና ማሰሪያ ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቃል፤ ለዘር የተመረጠው በቆሎ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ከተባይ ይድናል። እንግዲህ አባቶቻችን ጢስን በቤት ያኖሩት ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ማወቅ ይገባናል።

ነገር ግን ቤታችን በሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛው፥ ሣሩ በቆርቆሮ ተተክቷል። ቆርቆሮ እንደ ሣር አይተነፍስም፤ ግድግዳውም እስከ ጣራው ድረስ በጭቃ ከተመረገ፥ ከዚያም ኮርኒስ ከተወጠረበት፥ ጢሱ የሚሾልክበት ቀዳዳ አያገኝም። ሁለተኛው፥ በከተማዎቹ ቤቶች ተያይዘው ተሠርተዋል። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም በቆዩት ሰፈሮች ሁለትና ሦስት ቤቶች በአንድ ግድግዳ ሲጋጠሙ፥ ማድ ቤታቸውም ጀርባ ለጀርባ ሲሆን ይታያል። እንዲህ ባለው ቤት የአንዱ ጢስ የሌላው ጢስ ነው፤ የአንዱም እሳት የሌላው እሳት ይሆናል።

ስለዚህ ብዙ ቤተ ሰብ ከምድጃው በላይ የቆርቆሮ ቱቦ አቁሟል፤ ሌላውም በሸክላ ወይም በጡብ አሠርቷል፤ በአንዳንድ ትልልቅ ቤቶችም በግድግዳ ውስጥ የተሠራ ቡሃሪ ይገኛል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ሥራ ነው። የሚቀረው ግን ከቱቦው ውስጥ ያለውን ማወቅ ነው።

በቱቦው ውስጥ የሚሆነው

ጢስ ከእሳቱ ሲነሣ ትኩስ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣውም ስለ ሞቀ ነው። ወደ ቱቦው ጫፍ ሲቀርብ ግን ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ በውስጡ ያለው የውሃ ተንና ያልተቃጠለ የእንጨት ቅባት በቱቦው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ በመጀመሪያ እንደ ዱቄት የላላ ጥቀርሻ ይሆናል፤ ኋላም እየተደራረበ ሬንጅ የሚመስል ጥቁርና የሚያጣብቅ ነገር ይሆናል። እርጥብ ባሕር ዛፍ በሚነድድበት ቤት ይህ ነገር ፈጥኖ ይበዛል፤ ምክንያቱም የእሳቱ ሙቀት ውሃውን በማድረቅ ላይ ስለሚያልቅ ጢሱ ቀዝቃዛና ወፍራም ይሆናል።

ከዚህ ሦስት ጉዳት ይወለዳል። የመጀመሪያው መጥበብ ነው። ቱቦው ሲጠብ ጢሱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ የቤት እመቤቲቱም «ዛሬ ነፋሱ ከፋ» ብላ ዓይኗን ታብሳለች እንጂ ጥፋቱ የነፋስ አይደለም።

ሁለተኛው እሳት ነው። ያ የደረቀ ጥቀርሻ ራሱ ነዳጅ ነው። አንድ ፍንጣሪ በያዘው ጊዜ በቱቦው ውስጥ እንደ ወናፍ እየጮኸ ይነድዳል፤ ሙቀቱም ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ስለሚችል ሸክላውን ይሰነጥቃል፤ በስንጥቁም በኩል ወደ ጣራው እንጨትና ወደ ጎረቤት ግድግዳ ይገባል።

ሦስተኛው የማይታይ ጉዳት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ መልክም ሽታም የለውም። ወደ ሰው ደም በገባ ጊዜ ለሕይወት የሚያስፈልገው ኦክሲጅን ሊይዝ የሚገባውን ስፍራ ይይዛል፤ በደም ላይም የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማጥወልወልና የጉልበት መዛል ነው፤ ተኝቶ ያገኘው ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ያልፋል። በብርድ ሌሊት ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ስንት ቤተ ሰብ እንዳጠፋ በየጊዜው የሚሰማ ነው። በጥቀርሻ የታፈነ ቱቦ ያለው ቤትም ከዚህ እጅግ አይለይም።

ሐኪሞች ምን ይላሉ

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓመት (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በቤት ውስጥ በሚነሣ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። የሳንባ ምች፥ የልብ በሽታ፥ የአንጎል ደም መፍሰስና መርጋት፥ የሳንባ ካንሰር፥ የዓይን ሞራ ከዚሁ ጢስ ጋር የተያያዙ ናቸው።

በአገራችን ይህን ለማቅለል ብዙ ተደክሟል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተስፋፋው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከስሚንቶ በየቁራጩ ተሠርቶ የሚገጣጠም ሲሆን፥ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከብበው በጉልቻ ላይ ከሚነደው ግማሽ ያህል ማገዶ ያድናል። ይሁን እንጂ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ከ5,000 በላይ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2021 የታተመ ጥናት፥ የተሻሻለውን የእንጀራ ምድጃ በማደል ብቻ የሕፃናት የሳንባ ሕመም እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ይህ ምድጃውን የሚያስንቅ አይደለም፤ ግን ልብ ልንለው የሚገባ ነው። እንጀራ የሚጋገረው በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ነው፤ ወጡ፥ ቡናው፥ ቆሎው፥ ጠላውና አረቄው ግን በየቀኑ ሌላ እሳት ይፈልጋል። እንግዲህ አንዱን እሳት ብቻ አሻሽሎ ሌላውን በጉልቻ ላይ መተው፥ ወይም መልካም ምድጃ ተክሎ መውጫውን መርሳት፥ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ከፍቶ እንደ ማደር ይቆጠራል።

የጢስ ጠራጊነት ሙያ በሌላ አገር

ቤቶች ተያይዘው በተሠሩባቸው በአውሮፓ ከተሞች ጢስ መውጫን መጥረግ ከጥንት ጀምሮ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መነሻው ግን የሚያሳዝን ነበር። በእንግሊዝ አገር ጠባቡን መውጫ ለመጥረግ ትንንሽ ልጆች ወደ ውስጥ እንዲወጡ ይገደዱ ነበር። በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለው ቀዶ ጥገና ሐኪም፥ በጠራጊዎቹ ላይ የሚታየው ካንሰር በቆዳቸው ላይ ከሚቀረው ጥቀርሻ የመጣ መሆኑን ጻፈ። ልጆችን መላክ የሚከለክሉ ሕጎች ቢወጡም ሳይፈጸሙ ቆዩ፤ በመጨረሻ በ1875 ጠራጊ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው የሚያዝ ሕግ ወጥቶ ክፉው ልማድ ቀረ። ዛሬ ሥራው የሚፈጸመው በረዥም ብሩሽ ነው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበርም ማናቸውም የጢስ መውጫ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ያዝዛል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። ልጅ ወደ ጣራም ሆነ ወደ መውጫው አይላክ፤ የጠረገም ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይሥራ፥ ሲጨርስም ገላውንና ልብሱን በሳሙና ይታጠብ።

የመጥረግ ሥርዓት

ጊዜው። በእኛ አገር ሁለት ጊዜ ይስማማል፤ አንደኛው ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት፥ ሁለተኛው ለአዲስ ዓመት ቤት በሚጸዳበት ወራት ነው። በየቀኑ እንጨት የሚያነድ ቤት ግን በየሁለትና በየሦስት ወሩ ቱቦውን ይይ። የጥቀርሻው ውፍረት ሦስት ሚሊሜትር ከደረሰ ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ ወዲያው ይጠረግ።

አሠራሩ። በዋዜማው እሳቱ ጠፍቶ ምድጃው ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ምግብና የውሃ ዕቃ ከማድ ቤት ይውጣ። የምድጃው አፍ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ከዚያም መሰላል በሚይዝ ሁለተኛ ሰው ረዳትነት፥ በቱቦው ልክ የተሠራ የሽቦ ብሩሽ በረዥም ዘንግ ወይም ክብደት በታሰረበት ገመድ ከላይ ወደ ታች እየተመላለሰ ይጠረግ። ቆርቆሮው የሳሳ ከሆነ ጠንካራ ሽቦ ስለሚበሳው ለስለስ ያለ ብሩሽ ይመረጣል። የወረደው ጥቀርሻ አቧራው ሲወርድ ተሰብስቦ በጉድጓድ ይቀበር።

ምርመራው። ከተጠረገ በኋላ በመብራት ከታች ወደ ላይ ይታይ፤ ሰማይ ካልታየ የወፍ ጎጆ ወይም የወደቀ ጡብ ይኖራል። ይህ በተለይ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋግሩ ቆይተው መብራት በጠፋ ቀን ወደ እንጨት ለሚመለሱ ቤቶች ይነገራል፤ ለወራት ሥራ የፈታ ቱቦ ሳይታይ እሳት አይነደድበት። ቀጥሎ አንድ እፍኝ ጭድ አንድዶ ጢሱ በመገጣጠሚያ ወይም በስንጥቅ በኩል ይወጣ እንደ ሆነ መመልከት ነው፤ በጎረቤት ቤትም አንድ ሰው ቆሞ ይመልከት።

የማይገባው። አንዳንድ ሰው እሳት አብዝቼ ጥቀርሻውን አቃጥለዋለሁ ይላል። ይህ ራሱ ከላይ የገለጽነውን የቱቦ ቃጠሎ በእጅ እንደ መጥራት ነው። በጋለ ሸክላ ላይም ውሃ አይፈሰስ፤ ይሰነጠቃልና።

ስለ ውስጠኛው ልባጥና ስለ ቁመቱ

በጭቃ ወይም በጡብ የተሠራ መውጫ ውስጡ በሸክላ ቱቦ ወይም በማይዝግ ብረት ቢለበጥ እጅግ ይሻላል። ልባጡ ሙቀቱን ከግድግዳው እንጨት ያርቃል፤ ጢሱ በስንጥቅ ወደ ጎረቤት እንዳይሾልክ ይከለክላል፤ ለስላሳ ስለ ሆነም ጥቀርሻ በላዩ አይበረክትም፥ ሲጠረግም ይቀላል። የተሰነጠቀ ልባጥ ግን እንደሌለ ይቆጠራል፤ በግንበኛ እስኪለወጥ ድረስ እሳት አይነደድ።

የቱቦው ጫፍ ከጣራው ላይ ከወጣበት ስፍራ ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር፥ በሦስት ሜትር ዙሪያ ካለው የጣራ ክፍል ሁሉ ደግሞ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ያለዚያ ነፋሱ ጢሱን ይመልሰዋል። አንድ ንጣፍ ብቻ ያለው የቆርቆሮ ቱቦ ከእንጨትና ከሚነድ ነገር 45 ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ፤ በሣር ክዳን ውስጥ በቀጥታ ማሳለፍ ፈጽሞ አይገባም። እንጨቱም ተፈልጦ ስድስት ወር ያህል ቢደርቅ ጥቀርሻው ይቀንሳል፥ ማገዶውም ይበረክታል።

የጎረቤት ጉዳይ ስለ መሆኑ

በአንድ ግድግዳ የተጋጠሙ ቤቶች አንዱ ጠርጎ ሌላው ቢተው የጠረገው አልዳነም። ስለዚህ ነገሩ ለእድር የሚስማማ ነው። አንድ እድር አንድ ጠንካራ መሰላልና ሁለት ብሩሽ ቢገዛ፥ አባሎቹም በተወሰነ ሳምንት ተራ በተራ ቢያስጠርጉ፥ ወጪው ለአንድ ቤት የሚከብድ አይሆንም። እድር ሐዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘኑ እንዳይደርስ መሰላል ቢያቆምም ከዓላማው አይወጣም።

ለወጣቶችም ሥራ ይሆናል። ምድጃ የሚሠሩ፥ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ፥ ሸክላ የሚሠሩ ባለሙያዎች ቱቦ ከመሸጥ አልፈው «በዓመት ሁለት ጊዜ መጥቼ እጠርጋለሁ» የሚል ውል ቢገቡ ሸቀጣቸው ይታመናል፤ የደንበኛቸውም ቤት ይጠበቃል።

የቤት እመቤቲቱ ብቻዋን ጣራ ላይ ወጥታ ልትጠርግ አይገባም፤ ይህ የአባ ወራው ግዴታ ነው። ጢሱን በየቀኑ የምትውጠው እርሷ ስለ ሆነች፥ ቱቦው መታፈኑን አስቀድማ የምታውቀውም እርሷ ናት። እንግዲህ «ጢሱ ተመለሰ» ባለች ቀን ነገሯ እንደ ተራ ማጉረምረም ሳይቆጠር፥ ምድጃው ያን ዕለት ቀዝቅዞ በማግሥቱ መሰላሉ ይቁም።