ክትክታን ለይቶ ስለ ማወቅ

ከዲላ ከተማ ወደ ምሥራቅ የሚወጣ ሰው ከእንሰትና ከቡና ጥላ ውስጥ ይገባል። ይህ የጌዴኦ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ወደ ምዕራብ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርድ ግን አየሩ ሲሞቅ፣ አፈሩ ሲሳሳ፣ ዛፉም ወደ ግራርና ወደ ቊጥቋጦ ሲለወጥ ያያል። ክትክታ እንዲህ ባለው ደረቅ ተዳፋት ከሚስማሙት የአገራችን ቊጥቋጦዎች አንዱ ነው። ስሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ተክሉን መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት የወይራ ለጋ ቅርንጫፍ ክትክታ መስሎኝ በወረቀት መካከል አድርቄ ነበር።

ስሕተቱ የሚመጣው ፍሬውን ብቻ ከመፈለግ ነው። ፍሬው በእርግጥ አይረሳም፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ሁለት ወይም ሦስት ክንፍ አለው፤ ሲበስል ወደ ቀይ ያደላል፤ በኋላም ቡናማ ይሆናል። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን የመደበው ፍሬው ክንፋም ከሆነው ከፕቴሊያ ወገን ነበር፤ በ1760 ዣካን ዶዶኔያ ቪስኮሳ ብሎ አዛወረው። ዶዶኔያ መባሉ በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረውን የፍላንደርስ ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ ሬምበርት ዶዶንስን ለማስታወስ ነው፤ ቪስኮሳ ማለት ደግሞ በላቲን «የሚያጣብቅ» ማለት ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ይኸው ሁለተኛው ቃል ነው።

ይኸውም ወንዴና ሴቴ አበባው አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ተክል ላይ ስለሚገኝ፣ ወንዴው ክትክታ ዓመት ሙሉ ቢጠብቁት ፍሬ አያሳይም። ስለዚህ ቅጠሉን በጣት መዳሰስ ይሻላል። ቅጠሉ ጠባብና ረዘም ያለ ሆኖ ወደ መነሻው እየቀጠነ ይሄዳል፤ በቅርንጫፉም ላይ አንድ በአንድ እየተፈራረቀ ይወጣል። ለጋው ሙጫ እንደ ተቀባ ያብረቀርቃል፤ ሲጨብጡትም ይጣበቃል። ይህ ሙጫ የቅጠሉ ውሃ በፀሓይ ተንኖ እንዳያልቅ ይረዳዋልና ድርቅን ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። የወይራ ቅጠል ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ የታችኛው ገጹም ወርቃማ ቡናማ ይመስላል። የክትክታ ቅጠል ከላይም ከታችም አረንጓዴ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ወረቀቴን ባላበላሸሁ ነበር።

ነገሩ የናሙና ሰብሳቢዎች ብቻ አይደለም። ክትክታ ደኑ ተመንጥሮ አፈሩ በታጠበበት ቦታ ቀድመው ከሚደርሱት ተክሎች አንዱ ነውና በአንድ ኮረብታ ላይ በዝቶ ሲታይ መሬቱ ምን እንደ ደረሰበት ይመሰክራል። ከብት እምብዛም ስለማይበላው ይተርፋል፤ ሥሩም የቀረውን አፈር ይይዛል። ጠላቱ ሰው ነው፤ እንጨቱ ጠንካራ በመሆኑ ለመሣሪያ እጀታ፣ እርጥቡም ስለሚነድ ለማገዶ ይቈረጣል። ከዚህ የሚከፋው ግን ተራ ቊጥቋጦ ነው ተብሎ ለችግኝ መትከያ ሲመነጠር ነው፤ አዲሱ ችግኝ እስኪጸድቅ ድረስ ተዳፋቱ ለዝናብ ራቁቱን ይቀራልና።

ዘሩን ለመዝራት የሚፈልግ ሰው ቅርፊቱ ጠንካራ መሆኑን አውቆ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ይንከረው።